አፈሩ ይላላ

ሲማዳ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሩክታዊት፤ መካነ ኢየሱስ

ዘንድሮ እንደጣለው ዝናብ የበዛ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን፤ ከእናትሽ ምላስ በቀር የሚያስቸግረኝ ነገር የለም። የስልኩ መስመር ከተቋረጠ፣ መንገዱም አንዴ እየተከፈተ አንዴ መዘጋት ከጀመረ ወዲህ ደብዳቤ የድሮ ክብሩን መልሶ አግኝቷል። ሹፌሩ አገኘሁ ያንቺን ከአይሱዙው ጋቢና አውጥቶ ሲሰጠኝ መንደርተኛው «መሪጌታ፣ ምን ተጻፈልዎ?» እያለ ከበበኝ። ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ አመለጥኋቸው።

ሐኪሙ ያለሽን ለእናትሽ አነበብሁላት። ሁለት ጊዜ ካጣሽ በኋላ ይህ ሦስተኛው እስኪወለድ ድረስ ከአልጋሽና ከደጃፍሽ እንዳታልፊ ማዘዙን «ደግ አደረገ» አለች። ወዲያው ግን «እጇ ሥራ ከፈታ ሐሳብ ይበላታል» ብላ ተከዘች። በጣሳ ተክል ልትተክይ ማሰብሽን ስነግራት ደግሞ «አፈር ሞልቶ በተረፈበት አገር በጣሳ መትከል ምን የሚሉት ነው?» ብላ ሳቀች። ግቢው ሲሚንቶ መሆኑን፣ አከራይሽ ወይዘሮ ፍቅርተም አንዲት ስንዝር እንደማያስቆፍሩ ሳነብላት ሳቋን ተወች።

አሁን ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር እየለቀመች ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ከአፏ እየተቀበልሁ ነው የምጽፍልሽ። «በጣሳ ያለ ተክል የታሰረ ፈረስ ነው። ወጥቶ አይግጥም፤ ያመጡለትን ነው የሚበላ። እንግዲህ በደንብ ታብላው» ትላለች።

ባልሽ ዋለ የዘይት ጄሪካን አንገቱን ይቁረጥልሽ። ቂጡን በጋለ ሚስማር ይብሳው። ለልጄ «ቂጥ» ብዬ አልጽፍም ብላት «ታዲያ ጄሪካን ምን አለው፣ መንበር?» ብላኛለችና ጽፌዋለሁ። ምግቡን ራስሽ ታዘጋጂያለሽ። የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የሻይ ቅጠል፣ የረገፈ ቅጠል፣ ጭድ በአንድ አሮጌ በርሜል ሰብስቢ። አመድ በቁንጥር ብቻ። ቅባት የነካው ነገር አይግባበት፤ አይጥ ይጠራል። እየገላበጥሽ ተዪው፤ አንቺ በትምህርት ቤት ኮምፖስት የምትይው፣ እናትሽ ብስባሽ የምትለው እሱ ነው። የደረሰ ለታ የመጀመሪያ ዝናብ እንደነካው ማሳ ይሸታል። ያኔ ከደጃፏ ስንጥቅ ጋን ላይ የጤና አዳም ቅንጣቢ ትልክልሻለች። አራስ ቤት ያለ ጤና አዳም አይሆንም፣ የገበያው ደግሞ የማን እጅ እንደነካው አይታወቅም ባይ ናት።

እዚህ ላይ የተሰረዘ ቃል ታያለሽ። ከጄሪካኑ የሚገባው አፈር እንዳይጠቀጠቅ ስትነግረኝ «አፈሩ ይቅለል» እያልሁ ጮክ ብዬ ጻፍሁ። ሰፌዱን ወዲያ አስቀመጠችው። «ኧረ አንቱ ሰውዬ! አፈሩ ይቅለል የሚባል ለሞተ ሰው ነው! ነፍሰ ጡር ታነበዋለች እኮ! ይላላ ይበሉ» አለች። ቅኔ ቤት የስንት ተማሪ ቃል ሳርም ኖሬ እኔው ታረምሁ። እስክሰርዘው ድረስም ዓይኗን ከወረቀቱ አልነቀለችም፤ ማንበብ ባትችልም መሰረዝ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። እንግዲህ ልጄ፣ አፈሩ ይላላ።

አባትሽ ይስሐቅ

መካነ ኢየሱስ፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመሪጌታ ይስሐቅና ለእናቴ ለውባለም

አዲሱ ዓመት እናንተን እኔ ዘንድ ያምጣልኝ፤ ከዚህ ሌላ ምኞት የለኝም። ልጁ ይንቀሳቀሳል ወይ ላላችሁኝ፣ በጣም እንጂ። ሬዲዮ ላይ ማኅሌት ሲጀመር ይራገጣል። ዋለ «ይሄማ የአያቱ ተማሪ ነው» ይላል። እንቅልፍም እተኛለሁ፤ እማ፣ እሱን እንኳ አታምኚኝም፣ ግን እተኛለሁ።

ብስባሹ መጀመሪያ አዋርዶኝ ነበር። ልጣጭ ብቻ እየጣልሁበት ጭቃ ሆኖ ገማ። ወይዘሮ ፍቅርተ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው በርሜሉን ሦስት ጊዜ ዞሩት። «ብሩክታዊት፣ ልጅ ነው የምትጠብቂ ወይስ ጅብ?» አሉኝ። እንደላክሽብኝ ደረቅ ጭድ ጨምሬ ስገለብጠው ሽታው በሳምንቱ ጠፋ። አሁን እሳቸው ራሳቸው የድንች ልጣጫቸውን በሳህን እያመጡ ያቀብሉኛል። ወንበሬን ከበርሜሉ አጠገብ አስጠግቼ በዱላ አገላብጣለሁ። እጄን ስከትበት ይሞቃል። ከዚህ ሲሚንቶ ላይ የሚሞቅ ነገር እሱና ሆዴ ብቻ ናቸው።

አንድ ነገር ግን አለ። አገኘሁ የነሐሴውን ደብዳቤ ሲያቀብለኝ «እናትሽን ሳል ይዟቸዋል፤ ከውስጥ ሲስሉ ሰማሁ» አለኝ። አባቴ፣ እርስዎ አንዲት ቃል አልጻፉልኝም። ስንዴው እንዴት እንደሆነ ጽፈዋል፣ የጎረቤታችን የተሾመች ላም እንደወለደች ጽፈዋል፣ የእማን ሳል ግን አልጻፉም። ጉንፋን ነው?

እማ፣ ትመጪያለሽ አይደል? ሐኪሙ ደህና ነሽ ይላል፣ ዋለም ደህና ነሽ ይላል። እኔ እፈራለሁ። ያለፉትን ሁለቱን ሳጣ አንቺ አጠገቤ አልነበርሽም፤ አሁን ደግሞ ያለ አንቺ ማማጥ የምችል አይመስለኝም። በርሜሉን ስገለብጥ ይህንን ብቻ ነው የማስበው።

ልጃችሁ ብሩክታዊት

ሲማዳ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሩክታዊት

ከማሳው አበባና ከእናትሽ ቁጣ የተረፈ ሰላምታ ይኸው። ሳሉን በተመለከተ የታዘዝሁት እንዲህ ነው፤ «አገኘሁን ንገሪው፣ ጆሮው መኪናው ላይ ይሁን።» ይኸው ነገርሁሽ። ከዚህ በላይ ብጽፍ ብዕሬን እንደምትሰብረው ምላለች። ደህና ናት። ብቻ ዛሬ ሰፌድ አልያዘችም፤ መደቡ ላይ ጋደም ብላ ነው የምታጽፈኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ጤና አዳም አለ። ጨርቁ የቀሚሷ ቁራጭ ነው። ሌላ ጨርቅ ሞልቶ ለምን የደህናውን ቀሚስ ትቀጃለሽ ብላት «ቅንጣቢዋ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ቤት የገባች እንዳይመስላት» አለችኝ። ተክል ጨርቅ ይለያል ወይ ብዬ ልከራከር ብዬ ተውሁት።

አሁን ዋናውን ስሚ፤ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ እንድጽፈው ታዝዣለሁ። ብስባሹ ደርሷል ብለሽ ደስ ብሎሽ ጄሪካኑን በእሱ ብቻ እንዳትሞዪው። «አፈር እንጀራ ነው፣ ብስባሽ ወጥ ነው። ወጥ ብቻ የበላ ሰው ሆዱ ይታመማል» ትላለች። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ ከወንዝ የመጣ አሸዋ ጥቂት። ከሥር የተሰበረ ገል ደርድሪ። ጤና አዳም ውሃ የተኛበት ቦታ አትወድም። አፈር እንጀራ ነው፣ ብስባሽ ወጥ ነው፤ ይኸው ደገምሁት።

ስለ መምጣቷም ልጻፍልሽ። እኔ «መንገዱ ይከፈት እንደሆነ እናያለን» ብዬ ልጀምር ስል ከመደቡ ላይ ቀና አለች። «አንቱ ሰውዬ፣ እናያለን ብሎ ነገር ምንድን ነው? ጤና አዳሟ ሥር ስትይዝ እኔም እደርሳለሁ ይበሉ! አራስ ቤት የሚገባ እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ማን አላት?» ይህን ብላ ብዙ ሳለች። ከዚያ ውሃ ጠጥታ አንዲት ነገር ጨመረች። የእሷን ድምፅ እንዳለ ላቀብልሽ፦ «ብሩኬ፣ አትፍሪ። ፍርሃት ያለበት ቤት ሕፃን ቶሎ አይመጣም። እኔ አለሁ።»

አባትሽ ይስሐቅ

መካነ ኢየሱስ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴና ለአባቴ

እንዴት ናችሁ ብዬ ስጽፍ ወረቀቱ አፍ አውጥቶ እንዲመልስልኝ እመኛለሁ። ደብዳቤያችሁን ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አትጠይቁኝ። «እኔ አለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ተመልሼ ከላይ እጀምራለሁ።

ጤና አዳሟ አረንጓዴ እንደሆነች ደረሰች፤ ጨርቁን አጥቤ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። ብስባሹ ልክ እንዳልሽው ደርሷል፣ ዝናብ የነካው ማሳ ይሸታል። ዋለ በርሜሉ ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ሲያሸት ወይዘሮ ፍቅርተ አማትበው አለፉ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አሸዋ ጥቂት፤ በእጄ ፈጭቼ ቀላቀልሁትና ቅንጣቢዋን ሦስት ቦታ ከፍዬ በሦስት ጄሪካን ተከልኋት። ሁለቱ ሥር መያዛቸው ነው መሰል ቀና ብለዋል። ሦስተኛዋ ግን ትተኛለች፣ አንገቷን ትጥላለች። እማ፣ ምን ላድርጋት? አፈር ልጨምር፣ ብስባሽ ልጨምር ወይስ ነቅዬ እንደገና ልትከላት?

ሆዴ አሁን ደጃፉን አልፎ ሊሄድ ነው። ሐኪሙ ከጥምቀት ወዲያ አይሻገርም ብሏል። እማ፣ ከገና በፊት እንድትደርሺ አገኘሁን ለምኜዋለሁ፤ መንገዱ ከተከፈተ ጋቢናውን ላንቺ ይለቅልሻል። ዋለ መደብሽን በሸንበቆ ሠርቶ ጨርሷል። ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ጄሪካኖቹ ከዚያ ይታያሉ።

ልጃችሁ ብሩክታዊት

ሲማዳ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለብሩክታዊት ይስሐቅ

ሰላምታዬን በእግዚአብሔር ስም አቀርባለሁ። የጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ደህና ናት።

ስለ ጤና አዳሟ የጠየቅሽውን ነግሬያት ይህን መልሳለች። ለተኛችው ብስባሽ አትሰስቺ፤ ጄሪካኑን በብስባሽ ጢም አድርገሽ ሙዪው። ብስባሽ በበዛ ቁጥር ይጠቅማል። ውሃ ግን አታብዢባት። አፈሩም ይቅለላት።

ስለ መምጣቷ፣ አሁን የውቂያ ጊዜ ነው። ገብሱ አውድማ ላይ ነው፣ ሰው እጅ አጥሮታል። መንገዱም እንደምታውቂው ነው። ከገና በፊት መድረሷ ያጠራጥራል፤ አንቺ ግን ስለዚህ እንዳታስቢ። የሐኪሙን ትእዛዝ አክብሪ። በርትተሽ ብዪ። ሌላ ቅንጣቢ እንዳልክልሽ የስንጥቁ ጋን ጤና አዳም ደርቃብናለች።

ለባልሽ ለዋለ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

አባትሽ ይስሐቅ

መካነ ኢየሱስ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመሪጌታ ይስሐቅ

አባቴ፣ እንደምን አሉልኝ? እርስዎን ነው የምጠይቀው፤ እርስዎ እንዴት ነዎት?

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እማዬ እንዳለችው የተኛችውን ጄሪካን በብስባሽ ጢም አድርጌ ሞላሁት። ውሃም አላበዛሁም። ታስብበታለች ብለው አይጨነቁ፤ የውቂያ ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ። መንገዱም እንደሚያዩት ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሐኪሙ ያለኝን አደርጋለሁ። ልጁ ደህና ነው፣ ይራገጣል።

አባቴ፣ አንዳንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው። እማዬ በውቂያ ሥራ ስለምትጠመድ ተሾመች እየመጣች ትጋግርልዎ፤ እንቢ እንዳይሏት። የጾሙ ሽሮ እንዳያልቅብዎ። ሌሊት ብርድ ነውና የእማዬን ጋቢ ደርበው ይተኙ፤ እሷ አትቆጣም። ብቻዎን ማኅሌት ቆመው አድረው ባዶ ሆድዎን እንዳይውሉ።

ደግሞም ይጻፉልኝ። መንገድ በተገኘ ቁጥር ይጻፉልኝ። እማዬ ያለችውን ሁሉ ይጻፉልኝ፤ ስድቡንም አይተዉት። ባለፈው ደብዳቤ ስትሰድብዎ አልሰማሁም፣ እሱ ናፈቀኝ።

አንድ ነገር እንዲጠይቁልኝም እፈልጋለሁ። ሕፃን ሆኜ ሳለቅስ ምን እያለች ነበር የምታባብለኝ? ዜማው ትዝ ይለኛል፣ ቃሉ ግን ጠፋብኝ። ልጄ ሲያለቅስ ያንን ልለው እፈልጋለሁ። እሷ ካላስታወሰችው እርስዎ ያስታውሱት።

ልጅዎ ብሩክታዊት

ሲማዳ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሩክታዊት

እናትሽ «አንቱ ሰውዬ፣ ቶሎ ይጻፉላት እንጂ ምን ይጎለታሉ!» ብላኛለች። ይኸው ስድቡ። ደስ ይበልሽ።

የጠየቅሽው ቃል የለም፣ ልጄ። እኔ ማታ ማታ ዜማ ሳጠና እሷ አንቺን አዝላ ወዲያና ወዲህ ትል ነበር። የእኔን ዜማ እየነጠቀች ቃሉን በራሷ ታበላሸዋለች። እኔ «ሃሌ ሉያ» ስል እሷ «አለሽልኝ» ትልሻለች። ግእዙን አታበላሺ እያልሁ እቆጣት ነበር። አንቺ ግን የእኔን ትክክለኛውን ስትሰሚ ታለቅሻለሽ፣ የእሷን የተበላሸውን ስትሰሚ ትተኛለሽ። «አለሽልኝ፣ አለሽልኝ፣ አለሽልኝ» በይው፤ ሌላ ቃል አልነበረውም። እኔም ትናንት ለብቻዬ ሞክሬው ነበር፤ አላወጣሁትም።

ተሾመች ትመጣለች። ጋቢውንም ደርቤያለሁ። ስትወልጂ በማንኛውም ሰው እጅ አንዲት ቃል ላኪብኝ፤ በሰላም ሁለት ሁኚልኝ፣ ሌላ የምለው የለኝም። የተኛችው ጤና አዳም ተነሣች ወይ? እናትሽ ደጋግማ ትጠይቀኛለች።

አባትሽ ይስሐቅ

መካነ ኢየሱስ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ

የቃና ዘገሊላ ለታ በሰላም መገላገሌን ሰምተው የላኩልኝ ምርቃት ደርሶኛል። ዮርዳኖስ ትባል ያሉትንም ተቀብለናል። አፍንጫዋ የእርስዎ ነው፤ ቁጣዋ ግን የማን እንደሆነ ያውቃሉ።

ትናንት በማለዳ የደብራችን ቄስ ቢሆነኝ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደጃፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከሲማዳ ድረስ በእግራቸው መጥተው፣ አራስ ቤቴን እስክወጣ ጠብቀው፣ እንዴት ብለው እንደሚያረዱኝ መንገድ ለመንገድ ሲመክሩ ኖረዋል። ሳያንኳኩ በሩን ከፈትሁላቸው። «አውቃለሁ አባቴ፤ ይግቡ፣ ብርድ ነው» አልኋቸው። ቄስ ቢሆነኝ በትራቸውን ተደግፈው አለቀሱ። መርዶ ነጋሪ ሲያለቅስ ያጽናናሁ እኔ ነኝ።

ከታኅሣሥ ጀምሮ አውቅ ነበር። «ብስባሹን ጢም አድርጊ» ሲሉኝ ግራ ገባኝ። ወጥ ብቻ የበላ ይታመማል ያለችኝ እናቴ ናትና። ቀጥዬ አፈሩ ይቅለላት የሚለውን አነበብሁ። እማዬ ይህን ቃል በጤና አዳም ላይ አታስጽፍም፤ ቢጽፉትም ታሰርዝዎ ነበር። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሬ ፈለግሁ። ምንም የተሰረዘ ነገር አልነበረበትም።

ለምን ዝም አልሽ ይሉኝ ይሆናል። እርስዎ ለእኔና ለሆዴ ሲሉ ደበቁኝ፤ ዐወቅሁ ብዬ ያንን ሁሉ ጭንቀትዎን ከንቱ ላደርገው አልፈለግሁም። ደግሞም «እናትሽ እንዲህ ትላለች» ብለው በጻፉ ቁጥር እማዬ ያ ቤት ውስጥ ትናገራለች ብዬ ነው። ዋለም ከአገኘሁ ሰምቶ ኖሯል። ከቤቱ ጀርባ ዞሮ ፊቱን ታጥቦ ሲገባ አየው ነበር። አንዳችን ካንዳችን ስንደብቅ ሦስታችንም አንዲት ሴት ቀበርን።

ነጠላ አላዘቀዘቅሁም፣ ፊቴን አልነጨሁም፣ ጮኼ አላለቀስሁም። ሐኪሙ ሲቃ እንኳ ፈርቶልኛል። ማልቀስ ሲያሰኘኝ ወንበሬን ወደ በርሜሉ አስጠግቼ የሽንኩርት ልጣጩን እገለብጥ ነበር። ወይዘሮ ፍቅርተ «ተይው አንቺ ልጅ፣ ይሄ ብስባሽ ዓይንሽን ሊያጠፋው ነው» ይሉኛል። እኔም «ሽንኩርቱ ነው» እላለሁ። እናቴን ያለቀስኋት በሽንኩርት ስም ነው። ይህ እስከ ዕለተ ሞቴ ይቆጨኛል።

ስወልድ አልነበረችም። «እኔ አለሁ» ብላ ነበር፣ አልነበረችም። የቀሚሷን ቁራጭ ጥርሴ ውስጥ ነክሼ ወለድሁ።

ሦስቱ ጄሪካኖች እንዴት ሆኑ ላሉኝ፣ በእማዬ ልክ የተከልኋቸው ሁለቱ በሩን ሊሸፍኑ ነው። በብስባሽ ብቻ የሞላሁት ቢጫ ሆኖ ሞተ። እንደሚሞት እያወቅሁ ነው የሞላሁት፤ «እማዬ እንዳለችው አደረግሁ» ብዬ ስጽፍልዎ ውሸት እንዳይሆንብኝ።

ዛሬ በአገኘሁ መኪና አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ብስባሽ ልኬልዎታለሁ። ከሰኞ እስከ እሑድ እናቴን ያለቀስሁበት በርሜል ነው፤ ሙሉውን አራገፍሁት። ቄስ ቢሆነኝ ከወይራው ሥር እንዳረፈች ነገሩኝ። ያንን ቦታ አውቀዋለሁ፣ ቀይ ጭንጫ ነው፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። እባክዎ አባቴ፣ ከላይ ያለውን ኮትኩተው ይቀላቅሉበት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ። እኔ ስትቀበር አልነበርሁም፣ አፈር አላለበስኋትም። ሰው ሁሉ አፈሩ ይቅለላት ብሎ ሄዷል፤ እኔ ግን በእጄ ላቅልላት።

ከማዳበሪያው አፍ ላይ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ከጄሪካኔ የቀነጠብኋት ጤና አዳም ናት። ጨርቁን ያውቁታል፤ እንዳይጥሉት።

ልጅዎ ብሩክታዊት

ሲማዳ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሩክታዊት

ምን ብዬ ሰላምታ እንደምጀምር አጣሁ፤ ጀምረሽልኝ ቢሆን እወድ ነበር።

ማዳበሪያውን እኔው ተሸክሜ ወጣሁ። ዲያቆናቱ ሊቀበሉኝ ሲሉ እንቢ አልሁ። ጭንጫውን በዶማ ስኮተኩት እስከ ቀትር ቆየሁ፤ ልክ ነሽ፣ ድንጋይ ነበር። ሁለት እጅ አፈር አንድ እጅ ብስባሽ እያልሁ በጣቴ ፈጭቼ ቀላቀልሁት። ሲያልቅ ጣቴን ወደ ታች ሰደድሁት፤ እስከ አንጓዬ ገባ። ዝናብ የነካው ማሳ ይሸታል። ያን ጊዜ ነው የእናትሽን ሞት የተረዳሁ ብልሽ ታምኚኝ ይሆን? እስከዚያ ለአንቺ ስደብቅ ለራሴም ደብቄው ኖሬያለሁ። ወለተ ጊዮርጊስ እያልሁ በክርስትና ስሟ ፍትሐቷን ያዜምሁ እኔ ነኝ፤ ውባለም ብዬ ግን እስከዚያ ቀን አላለቀስሁላትም።

ጥቂት ብስባሽ አስቀርቼ ስንጥቁ ጋን ውስጥ ጤና አዳሟን ተከልኋት። ጨርቁን አልጣልሁትም፣ ዳዊቴ ውስጥ አለ። ሥር ይዛ ነበር። ትናንት ሁለት ቅጠሎቿ ቢጫ ሆኑ። ውሃ አብዝቼባት ይሆን? ብስባሹ በዝቶባት ይሆን? ጋኑ ቂጡ ቀዳዳ አለው፤ ገል ግን አልደረደርሁም፣ ረስቼዋለሁ። ቀና ብዬ ወደ መደቡ «ምን ላድርጋት?» አልሁ። ተሾመች ሰማችኝና ፊቷን አዞረች።

ልጄ፣ እስከ ዛሬ ጠይቄ ነበር የምጽፍልሽ። አሁን የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ አንቺው ንገሪኝ። ቢጫ ቅጠል ምን ይደረጋል? ሳትሞትብኝ ቶሎ ጻፊልኝ። ስድቡንም አትተዪው።

አባትሽ ይስሐቅ